ኮርቻና ጮጮ በነገሌ ሙዚየም

ዲሬክተራችን ለክረምት ሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ሙዚየም የሚባል በሽታ ይዞ መጣ። እኔ ያኔ ነገሌ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ «አዲስ አበባ የነገሥታት ዘውድ ካሳየች እኛም ያለንን እናሳያለን!» አለ። ዘውድ እንደሌለን ያስታወስኩት እኔ ነኝ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ «እንግዲያው ያለንን አንቺ ሰብስቢ» ብሎ ሥራውን በእኔ ላይ ጫነው።

ሐሳቡ ግን ደግ ነበር። የነገሌ ከተማ ሰው አብዛኛው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ሲመጣ ይዞት የመጣውን አንድ ዕቃ ያውሰን፣ ባለቤቱም ዕቃው አጠገብ ተቀምጦ ለሚጎበኘው ሰው ከየት እንደመጣ ያጫውት ተባለ። ቦታው ጣሊያን ጥሎት የሄደው መጋዘን፣ ቀኑ ቅዳሜ ሆነ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። የአውራጃው ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጣሊያን በወጣ ማግስት ከመንዝ በበቅሎ ተነሥቶ ነገሌ የገባው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እሱ እንደሚለው ማለቴ ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ እዚሁ አስተማሪ ስሆን የእሱ አንድ ዓመት ገና አላለቀም ነበር። በየመስከረሙ «ዘንድሮስ አገሬ እገባለሁ» ይላል። በየመስከረሙ እናቴ ምጣዱን ድስቱን ሁሉ ጓ እያደረገች ታስቀምጣለች።

የእናቴ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፦ የራሷ ቤት። ዕድሜዋን በሙሉ በኪራይ ቤት ስትኖር አከራዩ ግድግዳው ላይ ምስማር እንኳ እንዳትመታ ይከለክላት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ለሚሠራ ሰው ቦታ ይሰጥ ነበርና እሷ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ አንዱን መርጣ፣ በእግሯ ለክታ፣ ወጥ ቤቱ የት እንደሚሆን ሳይቀር ታውቃለች። አባቴ ግን፣ «ለመንገደኛ ቤት ምን ያደርግለታል? ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ» ይላል።

«ወንዝ ከሆነ ገናሌም ዳዋም አለልዎት» ትለዋለች እሷ። «ወይስ ውኃቸው አያረጥብም?»

እሱ ለሙዚየሙ ያዋሰው ኮርቻውን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በቅቤ ሲያሸው ሰነበተ።

ሁሉም ዕቃ ከሩቅ የመጣ ሆኖ ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝና በየጠዋቱ ወተት የምታመጣልንን የቦረና ሴት ጮጮዋን እንድታውሰን ለመንኳት። ጮጮ ከተክል ሥር ተጎንጉኖ የሚሠራ የወተት ዕቃ ነው፤ የእሷ ደግሞ ለሠርጓ የተሠራ፣ በዛጎል ያጌጠ ነበር። ከየት እንደመጣ ብጠይቃት ግራ ተጋብታ አየችኝ።

«ከቤት ነዋ» አለች። «ከየት ይምጣ?»

ቅዳሜ መጋዘኑ በሰው ጢም አለ። አባቴ ነጭ ልብሱን ለብሶ ከኮርቻው ጎን ተሰይሟል፤ እናቴም ከጎብኚዎቹ መካከል ናት። ከሐረር ወገን የመጡት ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ነጋዴ የአባታቸውን ሚዛን ይዘው ከእሱ ቀጥሎ ተቀምጠዋል። የወተቷ ሴት ግን ዘገየች፤ ስትመጣም ጮጮዋን ሞልታ፣ ከኋላዋ ምራቷን ሌላ ሙሉ ጮጮ አሸክማ መጣች። ዲሬክተራችን ዕቃው ለመታየት እንጂ ለመጠጣት እንዳልመጣ ሊያስረዳት ሞከረ።

«ባዶ ጮጮ ለኬሱማ ይታያል እንዴ?» አለች፤ እንግዳ ማለቷ ነው። «ነውር ነው። ብርጭቆ አምጡ።»

ብርጭቆ ከየሻይ ቤቱ ተለቀመ። ደግነቱ ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ጎብኚ ወተቱን አይቶ ምራቁን ውጦ ይሄድ ነበር። በጭስ የታጠነው ወተት መዓዛው መጋዘኑን ሞላው። ከዱብሉቅ የመጡ የመኪና ሾፌሮች፣ ለገበያ የወጡ የአሬሮ ሰዎች፣ ከወደራ የተላኩ ሁለት አስተማሪዎች ሁሉም ተሰለፉ።

አባቴ ስለ በቅሎው ሲያወራ ጉሮሮው ደርቆ ኖሮ ተነሥቶ ሰልፉ ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ ከፊቱ ለነበረው ሾፌር ቀዳች፤ እሱን አልፋ ከኋላው ላለው ቀዳች። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደገና አለፈችው። ደሙ ሲፈላ ከበሩ ሆኜ አየሁት፤ ያን ቁጣ ከማን እንደወረስኩት የምጠይቅ ሰው አይደለሁም።

«አንቺ ሴት!» አለ። «ስንት ዘመን ደንበኛሽ የሆንኩትን ሰው ነው የምትዘልዪኝ?»

ሴትዮዋ ደነገጠች። «ጋሼ፣ ናጋ? ሰላም ነው? ምን ሆኑ? አንቱ ኬሱማ አይደሉም እኮ። እንግዳ ሳይጠጣ የቤት ሰው ይጠጣል?»

«የማን ቤት?»

«የኛ ነዋ» አለች፣ በእጇ መጋዘኑንም ውጭውንም እያሳየች። «ልጅዎ እዚህ ተወለደች። ወተቴን ጠጥታ አደገች። አሁን ሰው ቆሟል፤ ያንን ብርጭቆ ያቀብሉኝ።»

ሽማግሌው ነጋዴ በሳቅ ፈነዱ። ለካስ እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ ብርጭቆ ሲያለቀልቁላት ነበር። «እኔም አልቀመስኩም፣ ወንድሜ! አካም እናድርግ፣ ምን ይደረግ? ባለቤት መሆን ጉሮሮ ያደርቃል!»

አባቴ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። ይናደድ ይሆን፣ ይሄድ ይሆን እያልኩ ከበሩ ጠጋ አልኩ። ከዚያ ነጠላውን ወደ ትከሻው ወረወረና ብርጭቆውን አቀበላት። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ኮርቻውን ረስቶ ወተት ሲያድል፣ ከሩቅ የመጡትን ሲያስቀድም፣ «ይጠጡ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ እኛ ዘንድ አያፍሩ» ሲል ዋለ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ እኔም በደስታ አለቀስኩ፣ የጮጮው ጭስ ነው አልኩ። ወተቱ አልቆ ለእሱ ጠብታ አልደረሰውም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሦስታችን ወደ ቤት አዘገምን። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይራመዳል። እናቴ ያኮረፈ መስሏት፣ «ወተት አለ፣ እቤት አፈላልዎታለሁ» አለችው።

እሱ አልሰማትም። «ያ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ያለው ቦታ» አለ፣ «ተሰጠ ወይስ እስካሁን አለ?»

እናቴ መንገዱ መሃል ቀጥ አለች።

«አለ» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«እንግዲያው በሩ ወደ መንገዱ ይሁን» አለ አባቴ። «እንግዳ ሲመጣ እንድናየው።»