የበቅሎዋ ኮሮጆና የአባቴ ብስክሌት

ልጅ እያለሁ አባቴ ብስክሌት የገዛው በቅሎው ስትሞትበት ነው። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ እንግዳ የምታመላልስ፣ የቤታችን ኩራት ነበረች። ብስክሌቱ ግን አሮጌ ነው፤ ከመቀመጫው ስር ሁለት ወፋፍራም ሞላዎች አሉት፣ በተቀመጡበት ቁጥር እየሰመጠ ይንጫጫል። ጎረቤቱ ሁሉ «ገብስ የማትበላ በቅሎ» እያለ ያሾፍበት ነበር።

እማ በዚያ ዓመት ልቧን ታማለች። ኪኒኗ ሲያልቅ እግሯ ያብጣል፣ ጋደም ብላ መተንፈስ ያቅታታል። አንድ ቀን ጠዋት አባባ መድኃኒቱን ከላሊበላ ሊያመጣ ተነሳና የላብ ሽታ ገና ያልለቀቀውን የበቅሎዋን የቆዳ ኮሮጆ አወጣ። «ያዢልኝ ልጄ» አለኝ። እኔ ብስክሌቱን ይዤለት፣ ኮሮጆውን እንደ በቅሎ ጭነት በጉልበቱ ገፍቶ ከሞላዎቹ ጋር በጠፍር ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ከጎማው ትንሽ ከፍ ብሎ ተንጠለጠለ። «አሁን የት ይሄዳል!» አለ ደስ ብሎት።

ከሰዓት በኋላ ከላሊበላ ሲመለስ ኮሮጆው ባዶ ነበር። ለካ እሱ ሲቀመጥበት ሞላው እየሰመጠ፣ ኮሮጆው ጎማው ላይ እያረፈ፣ መንገዱን ሙሉ ሲፋቅ ኖሯል። ታቹ ተበልቶ ተቀዷል። በቅሎ ሰው ሲወጣባት ጀርባዋ አይሰምጥም፤ በቅሎ የለመደው አባባ የሞላውን ነገር ከየት ያስበው?

ተያይዘን ተመልሰን አቧራውን በእጃችን እየዳበስን ፈለግን። ያገኘነው የተረገጠ ባዶ የኪኒን ካርቶን ብቻ ነው። እማ ደጃፉ ላይ ትራስ ተደግፋ ጠበቀችን። «ይተዉት በቃ፤ ደህና መግባትዎ ይበቃኛል» አለችው፣ እስትንፋሷ እየተቆራረጠ። መድኃኒት ቤቱ የሰጠው የቀረችውን የመጨረሻዋን ካርቶን ነበር። ሌላው ከወልድያ እስኪመጣ እማ አልቆየችም።

ሐኪሙ በሽታው አስቀድሞ ጸንቶባት እንደነበር ነግሮት ነበር። አባባ ግን አልተጽናናም። ከዚያ ወዲያ ወደ ወፍጮ እህል ሲጭን እንኳ መጀመሪያ እኔን መቀመጫው ላይ ያወጣኝና ተንበርክኮ ከስር ያያል። ብዙ ይቆያል። ፊቱን እንዳላይ ይሁን እንዲያ የሚያቀረቅረው፣ እንጃ፤ እኔም ውረጂ እስኪለኝ ሞላው እንዲሰምጥለት ተጭኜ እቀመጥ ነበር።

ዛሬ የምኖረው ላሊበላ ነው። ያንን ሁሉ መንገድ አሁን ባጃጅ ይበላዋል፤ መድኃኒት ቤትም በየጥጉ ተከፍቷል። ለራስ ምታት የሚሆነኝን ልገዛ ስገባ የእማን ኪኒን መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ አየዋለሁ። ሻጩ «ሌላስ?» ይለኛል። ሌላ የምወስድለት ሰው የለኝም።