ለአንድ ሰው ስንት ይበቃል?

ባለፈው አርብ፣ ቀትር ላይ... አረብ አገር፣ ማንጋፍ ያለችው ክፍሌ ውስጥ ቆሜ ድስት ላይ አፍጥጫለሁ። ሽሮ ነው። ለብቻዬ የሰራሁት። አስራ አምስት ሰው ጠግቦ ይተርፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀህራ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሰርቻለሁ። ቤተሰቡ አስራ አንድ ነው፣ እንግዳ ሳይቆጠር። ከሁለት ሳምንት በፊት አሰሪዬ ማዳም ፈቅዳልኝ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ አዛወርኩና አባያ የሚሰፋበት ቤት ስራ ገባሁ። ክፍልም ተከራየሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን የምቆልፈው እኔ፣ የምከፍተውም እኔ።

ግን እናንተዬ... ለአንድ ሰው ማብሰል አቃተኝ!

የመጀመሪያ ቀን ሩዝ ሰራሁ። አምስት ቀን በላሁት። በስድስተኛው ሽታው ራሱ አስጠላኝና ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ በዳቦና በቱና ነው የኖርኩት፣ ያውም እንደቆምኩ፣ ከቆርቆሮው። አርብ እረፍቴ ስለሆነ፣ ዛሬስ እንደ ሰው ሰርቼ፣ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ እበላለሁ ብዬ ተነሳሁ። ጾም ስለሆነ ሽሮ ጣድኩ። ወፈረብኝ፣ ውሃ ጨመርኩ። ቀጠነ፣ ሽሮ ጨመርኩ። እንዲህ እንዲህ ስል ድስቱ ሞላ።

እሺ ይሁን ብዬ እንጀራዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሁለቴ እንደጎረስኩ ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም። የታጠበ ብርጭቆ አጠብኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ደግሞ ተነስቼ ፍሪጅ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። መስኮት ጋ ሄድኩ... ውጪ ድመት እንኳ የለም፣ ፀሐዩ ብቻ ይነዳል። ጆሮዬ የሆነ ሰው እስኪጠራኝ ይጠብቃል። የሚጠራኝ የለም።

ስቁነጠነጥ ቆይቼ ስልኬን አነሳሁ። ለማዳም ልደውል ነው። ስወጣ «ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው» ብላኝ ነበር። በቃ፣ ልመለስ ነው። ስሟን አውጥቼ ልነካው ስል... ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ። ማዳም ናት!

«ቡርቱቃል!» አለች። ስሜ ብርቱካን ነው፤ እነሱ ወደ አረብኛ መልሰው ነው የሚጠሩኝ።

«አቤት ማዳም፣ ሰላም ነው?»

«እናቴ አልበላም አለች። ሦስት ቀኗ ነው። አዲሷ ልጅ የሰራችላትን ትቀምስና ትገፋዋለች። ያንን ጀሪሽ እንዴት ነበር የምትሰሪላት?»

የማዳምን እናት ማማ ከቢራ፣ ትልቋ እማማ፣ ነው የምንላቸው። ጥርስ የላቸውም፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ ቤተሰቡ የሚበላውን አይበሉም። ጀሪሽ ደግሞ የኛን ቅንጬ የሚመስል የስንዴ ምግብ ነው።

«እስቲ ልጅቷን ስጪኝ» አልኳት። ልጅቷ ዘሃራ ትባላለች፣ የወሎ ልጅ ናት። በአማርኛ ነገርኳት።

«ስንዴው አንድ የሻይ ብርጭቆ፣ ጢም እንዳይል። የዶሮ መረቅ አራት። ሽንኩርት ግማሽ፣ ያውም ከትንሹ። ጨው ጭራሽ እንዳታስነኪው፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። እጀታዋ የላላ ትንሽ ድስት አለች፣ በሷ ስሪው።»

«ውይ እህቴ፣ ይቺ ለማን ትደርሳለች?»

«ለአንድ ሰው ልክ ናት» አልኳት።

ያልኩትን ራሴው ሰማሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ... ለአንድ ሰው ሳበስል ነው የኖርኩት! መስፈሪያ እንኳ አልፈልግም፣ እጄ ያውቀዋል። ለራሴ ሲሆን ነው የጠፋብኝ።

ማዳም ስልኩን ተቀብላ ለስለስ ባለ ድምፅ «ቡርቱቃል... ተመለሺልን» አለችኝ።

ከአምስት ደቂቃ በፊት እኔ ልለምናት የነበረውን ነው የምትለምነኝ። እሺ ልል ነበር፣ እውነቴን ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«መጀመሪያ ማማ ይብሉ» ብዬ ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ተደወለ። ማማ ከቢራ ናቸው፣ ማንኪያ ይዘዋል፣ ፊታቸው ስክሪኑን ሞልቶታል።

«የት ነሽ?»

«ቤቴ ነኝ ማማ።» ቤቴ ስል ለራሴም ገረመኝ።

«ማን አለ አብሮሽ?»

«ማንም የለም።»

«በልተሻል?»

በዚያ ቤት ስድስት ዓመት ስኖር ይሄን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እሳቸውም ጭምር።

«አልበላሁም» አልኳቸው።

«ያላ፣ ሰርተሽ ብዪ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

የሽሮውን ድስት ወደ ጎን ገፋ አደረግኩና ስልኩን ከዘይት ጠርሙሱ ጋር አስደግፌ አንድ ብርጭቆ የቅንጬ ስንዴ ሰፈርኩ። ግማሽ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ ጣል። ሲበስል ቀና ብዬ ባይ፣ ማማ ከቢራ ማንኪያቸውን እንደያዙ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ስልኩን አልዘጋሁትም። እያየኋቸው በላሁ። በመሃል አንዴ ተነስቻለሁ፣ አልዋሽም... ተመልሼ ግን ጨረስኩት። ምንም አልተረፈም። ጠገብኩ።

በማግስቱ ለማዳም ደውዬ «አልመለስም፤ አርብ አርብ ግን እየመጣሁ አያቸዋለሁ» አልኳት። «ኢንሻአላህ» ብላ ዘጋችው። ተቆጥታ ይሁን ከፍቷት አልገባኝም። ያን ቀን ሙሉ ስልኩን ሳገላብጥ ዋልኩ።

ኋላ ላይ የደወለችው ዘሃራ ናት፣ በሹክሹክታ። «እህት ብርቱካን፣ የማማስ ተሳካ፣ ድስቷን ጠርገው ነው የበሉት። የአስራ አንዱን ሰው ሩዝስ እንዴት ነበር የምትችዪው?»

«እሱማ ቀላል ነው» አልኳት... «ድስቱን መሙላት ነው። ከባዱን ተምረሽ ጨርሰሻል።»