የሊማሊሞው ምልክትና የበቅሎ ችካሉ

በደርግ ዘመን ደባርቅ ውስጥ የመንገድ ሠራተኛ ነበርሁ። ሥራዬ በሊማሊሞ መንገድ ላይ የተተከሉትን ምልክቶች መንከባከብ ነበር። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከሽማግሌው ፎርማናችን ጋር ወርደን ዝገታቸውን እንፍቃለን፣ ቀለም እንቀባለን፣ የዘመመውን እናቃናለን።

አንዱ የኩርባ ማስጠንቀቂያ ግን አሳሬን አበላኝ። ባቃናሁት ቁጥር ተመልሶ ይዘማል። ለካስ ገበያተኞች ዳገቱን ሲወጡ እዚያ እያረፉ በቅሎዎቻቸውን የሚያስሩት በእሱ ኖሯል! አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ ያዝኋቸውና "የመንግሥት ንብረት እኮ ነው!" ብዬ ጮኽሁባቸው። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ረጋ ብለው "ታዲያ በምን እንሰር፣ ልጄ?" አሉኝ። እኔ ግን ይብሱን ተናደድሁ።

ፎርማኑ ይህን ስነግራቸው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወፍራም የጥድ ችካል አስጭነው ወረዱና ከምልክቱ ፈንጠር አድርገው ተከሉት። ለገበያተኞቹም "ይኸ የእናንተ ነው" አሏቸው። እኔ በልቤ "አይ የዋህነት!" አልሁ።

ከዓመታት በኋላ እሳቸው ጡረታ ወጡና ብቻዬን ወረድሁ። አሮጌው ችካል ተነቅሎ አዲስ ተተክቷል፤ ከመሥሪያ ቤታችን ግን ማንም አልነካውም። ምልክታችንም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ አንድ ሰው የምልክቱን እግር ዙሪያውን በድንጋይ ጠቅጥቆለታል።

እንደተመለስሁ ቤታቸው ሄጄ ይህን ነገርኋቸው። ሰሙኝና ሳቅ አሉ።

"ማቃናቱን እነሱ ከያዙልህ፣ እንግዲህ ቀለሙን እንኳ አንተ ቀባ" አሉኝ።