ሽበት ያወጣው የዡራ ወይን

ከሚኒያፖሊስ የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም። የወንድሜ ልጅ ሰብለ ፈረንሳይ ውስጥ ዡራ በሚባል አገር ወልዳ ስለነበር ላርሳት ሄድኩ። ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ 1996 ነው።

የባሌ እህት ውድነሽ እዚያው ሚኒያፖሊስ አጠገብ ኢገን ከሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ ደውላ፣ በዚህ ዕድሜሽ ፈረንሳይ ምን አለሽ አለችኝ። ከእሷ ጋር የቆየ ጉዳይ አለኝ። ልጄን ስድር፣ ኒው ሆፕ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ቤዝመንት ውስጥ ጠጅ ጥዬ ነበር። ውድነሽ ክዳኑን ከፍታ ላዩ ላይ ነጭ ነገር አየች።

«ጠጅሽ ሽበት አብቅሏል» ብላ እንግዳ እያየ ሲንክ ውስጥ ደፋችው። ከዚያ ወዲህ ለድግስ ጠጅ ጣይልን ያለኝ ሰው የለም።

ዡራ

ከፓሪስ እስከ ዲዦን በፈጣን ባቡር፣ ከዚያ በትንሿ ባቡር ሄድኩ። አገሩ ጠባብ ነው፤ ከላይ ጥድና ላም፣ ከታች በተዳፋቱ ላይ ወይን። እነ ሰብለ ለምሳ በወይን የተቀቀለ ዶሮ አቀረቡልኝ፤ በርበሬ የሚባል አልነካውም።

የሰብለ ባል አባት ሙሴ ሮዤ ወይን ገበሬ ናቸው። ከአሜሪካ መምጣቴን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ድሮ ከአሜሪካ የመጣ ትንሽ ተባይ የአገሩን ወይን ሥሩን በልቶ ጨርሶት ነበር አሉ። ያዳናቸውም ተባዩ የማይጎዳው የአሜሪካ ወይን ሥር ነው፤ የራሳቸውን ቅርንጫፍ በላዩ ቀጠሉበት። እየወቀሱኝ ይሁን እያመሰገኑኝ አልገባኝም።

ከሰብለ ጋር ምድር ቤት ወርደን የበርሜሉን ውስጥ በባትሪ አበሩልኝ። ወይኑ ላይ ነጭ ስስ ነገር ተኝቷል። ደነገጥኩ። ሌላ አገር ወይኑ ተኖ በርሜል ሲጎድል ይሞሉታል፤ እነሱ ግን ጎደሎውን ትተው ያን ነጭ የእርሾ ሽፋን ከስድስት ዓመት በላይ ያኖሩታል። ለወይኑ የተለየ ጣዕም የሚሰጠው እሱ ስለሆነ ኩራታቸው ነው።

«ንገሪያቸው፣ የእኔ ጠጅ በዚህ ምክንያት ነው የተደፋው» አልኳት ሰብለን።

ሙሴ ሮዤ አሰብ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁ።

«አክስቴ፣ ቀምሰሽው ነበር ወይ ነው የሚሉት። አንዳንዱ በርሜል ኮምጣጤ ይሆናል፤ ሳይቀመስ አይታወቅም ይላሉ።»

ማን ጊዜ ሰጥቶኝ ልቅመስ! ደግሞ ጠጅ ከማር ነው፣ የእሳቸው ከወይን። ረታሁ ስል እንደገና ግራ ገባኝ።

መመለሻ

አንድ ጠርሙስ ይዤ በተመለስኩ በሳምንቱ ኢገን ሄድኩ። ስለ ነጩ ነገር ነግሬ ለውድነሽ ቀዳሁላት። አንዴ ተጎነጨች።

«ያን ቀን የቀመስኩት ይህንኑ ጣዕም ነው» አለች።

«ቀምሰሽው ነበር?»

«አንቺ ደግሞ፣ ሳልቀምስ እደፋለሁ? ኮምጣጤ አልነበረም። ግን የማላውቀው ጣዕም ሆነብኝ። የማላውቀውን ለሰው አላቀርብም።»

ይቅርታ አላለችም፤ ብርጭቆዋን ግን ራሷ ደገመች።

ኒው ሆፕ እስክደርስ መኪና ውስጥ ሳስበው ነበር። ከጉዞው የተማርኩት ጠጄ ደህና እንደነበረ ነው። ይህን ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄ ነበር። አሁን ግን ደህና መሆኑን እያወቀች ከምትደፋው፣ የተበላሸ መስሏት ደፍታው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።