የልጄን የጁዶ አሰልጣኝ ላጎርሰው ስል

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ነው... ክላውስ አሜሪካ፣ ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር ያለችው አፓርትመንታችን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። እኔ እጄን ታጥቤ ለጉርሻ ተሰናድቻለሁ።

ክላውስ የልጄ የሜሮን የጁዶ አሰልጣኝ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ሰውዬው የምሥራቅ ጀርመን ሰው ነው፤ አሁን እዚሁ አጠገባችን ባለችው አልባኒ ከተማ በተከራያት አዳራሽ ልጆች ያሠለጥናል። ትምህርት ቤት አንገቷን ደፍታ ትውል የነበረችው ልጄ እሱ ጋ ከገባች ወዲህ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። በዚያ ሰሞን እንዲያውም ሳን ሆዜ ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች። ታዲያ ይሄን ሰው ሳላጎርሰው ልሸኘው?

ጠቅለል አድርጌ ወደ አፉ አስጠጋሁ። ፊቱን አዞረ። እኔ ደግሞ ሰው ቤቴ መጥቶ በቃኝ ሲለኝ አላምንም።

«በሞቴ» አልኩት በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ «የፍቅር ነው፣ አፍህን ክፈት» አልኩት።

«ዳድ፣ ስቶፕ» አለች ሜሮን።

መቼ ሰምቼ... ጉርሻውን ከንፈሩ ላይ አደረስኩት። ክላውስ እጄን አንጓው ላይ ያዘኝ። አላመመኝም፤ ግን እጄ ንቅንቅ አላለም። አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቷል፣ ግንባሩን አልቦታል። እውነቴን ነው፣ ፈራሁት።

ቀስ ብሎ ለቀቀኝና ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ማውራት ጀመረ። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከእናቱ ቤት ወስደው የመንግሥት ስፖርት ክለብ አስገቡት። ማደሪያው፣ ትምህርቱ፣ ምግቡ ሁሉ ከመንግሥት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ታገለላቸው፣ ሜዳሊያ አመጣላቸው፤ ወገቡ ሲጎዳ አሰናበቱት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጠዋት ጠዋት አሰልጣኙ በገዛ እጁ ክኒን ያጎርሰው ነበር። ክላውስም መዋጡን ለማሳየት ምላሱን ያነሳል።

«የምን ክኒን?» አልኩት።

«ቫይታሚን ነው ይለን ነበር። ለካ የጉልበት መድኃኒት ኖሯል፤ የትኛው እንደሆነ ግን የነገረን የለም። አሁን ጉበቴ ታሟል። ሐኪሜ ምን ስትወስድ ነበር ይለኛል... አላውቅም። ካላወቅኩ ደግሞ እንዴት ሊያክመኝ እንደሚችል ግራ ገብቶታል። ክለቡ ተዘግቷል፤ ማንን ልጠይቅ?»

ደሜ ፈላ። «ምን ዓይነት አረመኔ ነው!» አልኩ ስለዚያ አሰልጣኝ።

ክላውስ ራሱን ነቀነቀ።

«አረመኔ ቢሆንማ እተፋው ነበር። እኔ አባት አልነበረኝም፤ እሱ እንደ ልጁ ነበር የሚወደኝ። ልክ አንተ አሁን እንዳልከኝ፣ አፍህን ክፈት ይለኛል... እከፍታለሁ።»

ሜሮን ታየኛለች። ጉርሻው አሁንም እጄ ላይ ነው፤ ሰሃኑ ላይ እንዳልመልሰው ነውር ሆነብኝ።

እኔው ጎረስኩት... አልወርድ ብሎኝ በውሃ ነው የዋጥኩት።