አንሶላዎቹ እስኪደርቁ

ሰፈርተኛው እሷን «አጣቢዋ»፣ ባሏን «ገበሬው» ይላቸዋል። የእሷ ስም ከአሁኑ ሥራዋ የመጣ ነው፤ እሱ ግን እዚህ ከተማ የሚያርሰው መሬት ቀርቶ የሚረግጠው ጭቃ እንኳ የለውም። አገራቸው ዝናቡ ክረምት በክረምት ሲከዳቸው በሬዎቹን ሸጠው ከተማ ገቡ። እሷ ወዲያው የአንድ እንግዳ ማረፊያ አንሶላ ማጠብ ጀመረች። እሱ በየጠዋቱ የቀን ሠራተኛ የሚመረጥበት አደባባይ ይቆማል፤ ቀጣሪዎቹ ጎረምሳ ጎረምሳውን ለቅመው ሲሄዱ እጁን አጣጥፎ ይመለስና ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ድርቁም ቢሆን ለሁለቱ አንድ አልነበረም። የእሱን ማሳ አደረቀው፤ የእሷን ጀርባ ላጠው። ምንጩ እየራቀ ሲሄድ ጀሪካኑን የምትሸከም እሷ ነበረቻ! እዚህ ከተማ ግን የተከራዩበት ግቢ ውስጥ ቧንቧ አለ። መጀመሪያ የከፈተችው ቀን ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አይገባትም።

አንድ ከሰዓት አንሶላው ሁሉ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ዝናቡን ለቀቀው።

«ምን ዓይነት እርግማን ነው!» ብላ ጮኸች። ጮኸችና በራሷ ደነገጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ዝናብ ስትለምን ኖራ!

ባሏ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ግቢው መሃል ቆሟል፤ በስብሷል፣ ይስቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ያዝልኝ እንጂ! ምን ያስቅሃል?»

«ወንድሜ ነው። እዚያም እያወረደው ነው አለ! መሬቱ ጠገበ። ነገ እንሂድ።»

አንሶላዎቹን ተረባርበው አስገቡና ጠባቧ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥረው ሰቀሏቸው። እሱ ከወዲያ ማዶ ልብሱን እያጣጠፈ ያንጎራጉራል።

«ምነው፣ ደስ አላለሽም? አገርሽ አይደለም እንዴ?»

አገሯማ ነው። ናፍቋታልም። ግን መሬቱ የእሱ፣ ጀሪካኑ የእሷ ነው። አልሄድም ብትለው፣ ከተማ ከገቡ ጀምሮ ያልሰማችውን ያን ሳቁን ልትነጥቀው ነው። እሄዳለሁ እንዳትል ደግሞ ቧንቧው ፊቷ ላይ ድቅን ይላል። የምትይዘው የምትለቀው ጠፋት።

«አንሶላዎቹ ይድረቁና» አለችው።

«ይድረቁ፣ ይድረቁ!» አለ፣ ደስ ብሎት።

እሷ አንሶላው ጀርባ ቆማ የጣሪያውን ድምፅ አዳመጠች። ቅድም የረገመችውን ዝናብ፣ እንዳያባራ ለመነችው።