ዘጠኝ ጫማ ጥላ

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ነበር፣ እናቴ እንደቆጠረችው ከሆነ። የዳንግላ ፍርድ ቤት መልእክተኛ ነበርሁ። ሥራዬ የታሸገ ደብዳቤ በቀርከሃ ቀፎ ከትቼ ቆሰበር ላለው የወረዳ ጸሐፊ ማድረስ ነው። ቤቴ ከቆሰበር አልፎ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ስለሆነ፣ ደብዳቤውን ሰጥቼ ወደ ቤቴ እቀጥላለሁ፤ አድሬ በማግስቱ ወደ ዳንግላ እመለሳለሁ። ሌላው መልእክተኛ በፈረስ ነበር የሚሄድ። እኔ ግን እሮጣለሁ። ለምን ትሮጣለህ የሚለኝን ሰው ያኔም አልወደውም፣ ዛሬም አልወደውም። ደስ ስለሚለኝ ነው።

አገራችን የፈረስ አገር ነው። ፈረስ የሌለው ሰው ለቅሶ ሲደርስ እንኳ ከኋላ ነው የሚቆም። ይህን እንዳልረሳ የሚጠብቀኝ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ዳማ ፈረሱን ከልጆቹ አብልጦ ያጥበዋል።

«እህቴን ለሰው ዳርሁ ብዬ ለሚዳቋ ድሬያት ኖሯል!» ይለኛል።

«ሚዳቋ ገብስ አይፈጅብህም፣ አያ» እለዋለሁ።

አንድ ቀን የዳንግላ ትምህርት ቤት መምህር መንገድ ላይ አስቁሞ ከየት እስከ የት እንደምሮጥ ጠየቀኝ። ነገርሁት። «ከዚህ እስከ ዘንገናማ ማራቶን የሚሉት መሆኑ ነው» አለ። ማራቶን ምን እንደሆነ አስረዳኝ። ቀጥሎ የነገረኝ ነገር ነው ጣጣ ያመጣብኝ፤ «ብቻህን ብትሮጥ እንኳ የምትሽቀዳደመው አለ። ካለፈው ጊዜህ ቀድመህ መግባት አለብህ» አለኝ።

እሱ እጁ ላይ ሰዓት አስሯል። እኔ የለኝም። ቄሶቻችን የቅዳሴውን ሰዓት የሚያውቁት ጥላቸውን በጫማቸው ለክተው ስለሆነ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ሁልጊዜ ፀሐይ ብቅ ስትል ከዳንግላ እነሣለሁ። ቤቴ ስደርስ አውድማው ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜ የጥላዬ ራስ ያረፈበት ላይ ምልክት አስደርጋለሁ፤ ከዚያ ተረከዜን ከአውራ ጣቴ እያገናኘሁ እቆጥራለሁ። የጠዋት ጥላ ረጅም ነው፣ ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር ያጥራል። ስለዚህ ረጅም ጥላ ይዞ የገባ ቶሎ ገባ ማለት ነው። በታኅሣሥ ዘጠኝ ጫማ ቆጠርሁ። ከዚያ በፊት እንዲህ ሮጬ አላውቅም።

ይህን ሰንበቴ ላይ ባወራ የሚስቴ ወንድም ሳቀ።

«በቃ፣ ጫፉን ነክተሃል። ከእንግዲህ ቁልቁል ነው። ፈረስ እንኳ ዕድሜው ሲገፋ ጭነት ነው የሚሸከም።»

ጠላው ነው ወይስ እልሁ፣ ተነሣሁና «እስከ ሆሳዕና ዘጠኙን ጫማ ካላሻሻልሁ፣ ፈረስህን ተቀብዬ ሰው እያየኝ እሳፈራለሁ» አልሁ። ይህ ማለት ሩጫዬ አበቃ ማለት እንደሆነ የሰማ ሁሉ ገብቶታል። ለእኔም ገብቶኛል።

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ በሌለበት ቀን ሳይቀር ዳገት ለዳገት እሮጥ ጀመር። ሁዳዴ ገባ፤ በባዶ ሆዴ እሮጣለሁ። ሚስቴ «በጾም የሚሮጥ ውሻ ብቻ ነው» ትላለች። እግሬ ግን ቀሎኝ ነበር። ድሮ ገና መሐል መንገድ፣ አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ የሚያልፈኝ አውቶቡስ አሁን ቆሰበር ልገባ ስል ነው የሚደርስብኝ። ሆኖም አውድማው ላይ ስቆም ሰባት ጫማ። ሌላ ቀን ደግሞ ሰባት አይሞላም። አውቶቡስ ሰዓት አያከብርም፣ ፀሐይ ግን አትዋሽም ብዬ ጥላዬን አመንሁ። አረጀሁ ማለት ነው አልሁ። ምግብ እንኳ መራራ ሆነብኝ።

የሆሳዕና ዋዜማ ደረሰ። ያን ቀን እንደሮጥሁት አድርጌ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሮጬ አላውቅም። ቆሰበር ላይ ደብዳቤውን ጸሐፊው እጅ ላይ ጥዬ ሩጫዬን ቀጠልሁ። አውድማው ጋ ስደርስ የሚስቴ ወንድም ዳማውን ጭኖ፣ ግላሱን አልብሶ ቆሟል። ምስክር እንዲሆኑ የደብራችንን ቄስ ጠርቷቸዋል። ሚስቴም አለች።

ቆምሁ። ምልክት አደረጉ። ቆጠርሁ። ስምንት።

«ስምንት!» አለ የሚስቴ ወንድም። «ና ውጣ፣ ኮርቻው ሳይቀዘቅዝ።»

ቄሱ «ቆይ፣ ቆይ» አሉ። «ዘጠኙ የመቼ ነው?»

«የታኅሣሥ ነው፣ አባ።»

እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «አንተ ሰውዬ! እኔ በታኅሣሡ ጫማ የመጋቢትን ቅዳሴ ብጠብቅ ሕዝበ ክርስቲያኑን በረሃብ ጨርሼው ነበር! ፀሐይ በታኅሣሥ ዳር ዳሩን ነው የምትሄድ። አሁን አናት ላይ ነው የምትወጣ፤ በዚያው ሰዓት ጥላው ያጥራል። ጥላ በየወሩ ይለያያል፣ እኛም በየወሩ ሌላ ቁጥር ነው የምንይዝ። የዛሬው ስምንት ከታኅሣሡ ዘጠኝ ይቀድማል። አሸንፈሃል።»

የሚስቴ ወንድም ሲናደድ በአገውኛ ነው የሚናገር። አንድ ሁለት ነገር አለ፣ አልጽፈውም። ከዚያ በአማርኛ ወደ ቄሱ ዞረ።

«አባ፣ ይህ ሰው ሰንበቴ ላይ ሲናገር ወር ጠርቷል?»

«አልጠራሁም» አልሁ እኔው።

«አንተ፣ ዝም በል እንጂ!» አለች ሚስቴ። «አባ ፈረዱልህ'ኮ!»

«ፈረዱልኝ። እኔ ግን ዘጠኙን ጫማ አሻሽላለሁ ነው ያልሁ። ስምንት ነው የቆጠርሁ። ሰው ሁሉ ሰምቶኛል» አልሁና ልጓሙን ከእጁ ተቀበልሁት። ቄሱ ራሳቸውን ነቅንቀው «እናንተ ሁለታችሁ አንድ እናት የወለደቻችሁ ትመስላላችሁ» ብለው ሄዱ።

ሌሊቱን ፈረሱ ደጄ ላይ ሲያንኮራፋ ሰማሁት። ራሴን ቀድሜ መግባቴን ሳስብ ደስ ይለኛል፣ ኮርቻውን ሳስብ ይከፋኛል።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ዘንባባ ለመቀበል ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲጎርፍ ፈረሱን ጭኜ ወጣሁበት። በሕዝቡ መካከል ከደጄ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ተሳፈርሁ። የሚስቴ ወንድም በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን እያሳየ ጠበቀኝ። ወረድሁና ልጓሙን እጁ ላይ አደረግሁለት።

«ዳንግላስ?» አለኝ።

«ወር እንዳልጠራሁ ሁሉ እስከ የት እንደምሳፈርም አልጠራሁም፣ አያ» አልሁት። ዘንባባዬን ተቀብዬ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ቀፎዬን ትከሻዬ ላይ አንግቤ ወደ ዳንግላ ሮጥሁ።